«ሙሉ ዕቃ» እየተባለ የሚሸጠውን የገፊ ፕሮፔለር ጄት ከመግዛታችሁ በፊት

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በምንገበያይባቸው የቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት ከተቃረበ ወዲህ «በሪሞት የሚበር የጦር ጄት፤ ሙሉ ዕቃው ከነባትሪው፤ ዛሬውኑ ገጣጥመው ያብርሩ» የሚል ማስታወቂያ በተደጋጋሚ እየወጣ ነው። የሚጠየቀው ዋጋ 240 ዶላር ሲሆን ክፍያውም ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ በሚላክበት በዜል ብቻ ነው። አንድ የማከብረው ወዳጄ ለ14 ዓመት ልጁ ገዝቶት፣ እንድገጣጥምላቸው ሳጥኑን ወደ ቤቴ አምጥቶ ነበር። ከፎም አውሮፕላን መሥራት ከጀመርሁ ዓመታት አልፈዋልና እያንዳንዱን ዕቃ መዝኜና ለክቼ አየሁት፤ ያገኘሁትንም ሌላ ወላጅ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያውቀው ይገባል ብዬ ስላመንሁ ይህን እጽፋለሁ። የሻጩን ስም አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ ሳጥን በሌሎች ሻጮች እጅም እንዳለ ከማስታወቂያዎቹ ፎቶ መረዳት ስለሚቻል፣ ለገዢ የሚጠቅመው ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቁ ነው።

በቅድሚያ ግልጽ መሆን ያለበት፣ ከኋላ በሚገፋ ፕሮፔለር የሚበር የጄት ሞዴል በራሱ ማጭበርበሪያ አለመሆኑ ነው። በቱቦ ውስጥ በሚሽከረከር ፋን ከሚበረው ሞዴል ይልቅ ዋጋው ይረክሳል፤ ለተመሳሳይ ግፊት ከባትሪው የሚስበው ጉልበትም ያነሰ ነው። ሞተሩ በክንፉ የኋላ ክፍል በተቆረጠ ክፍተት ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ አውሮፕላኑ በአፍንጫው ሲወድቅ መሬቱን ቀድሞ የሚመታው በማጣበቂያ የሚጠገነው ፎም እንጂ ሞተሩ አይደለም። ጥሩ አሠራር ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ቅሬታዬ በሳጥኑ ውስጥ የተከማቹት ዕቃዎች እርስ በርሳቸው የማይስማሙ መሆናቸውና፣ ከመካከላቸውም ሁለቱ ለልጅ አደገኛ መሆናቸው ነው።

ከሞተሩ እንጀምር። ማስታወቂያው «2212 ብራሽለስ ሞተር» ይላል፤ ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ የሚናገረው የሞተሩን የውስጥ አካል መጠን፣ ማለትም 22 ሚሊሜትር ስፋትና 12 ሚሊሜትር ቁመት መሆኑን ብቻ ነው። ወሳኙ ቁጥር ኬቪ የሚባለውና ሞተሩ ያለ ጭነት ለእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያሳየው ነው። በአውሮፕላኑ ክንፍ ላይ የተቆረጠው ክፍተት ከ6 ኢንች የበለጠ ፕሮፔለር አያስገባም፤ በሳጥኑ ያለውም ፕሮፔለር 6 በ4 ነው፤ ይኸውም ስፋቱ 6 ኢንች ሲሆን በአንድ ዙር በንድፈ ሐሳብ ወደፊት የሚሄደው 4 ኢንች ነው። ለዚህ ፕሮፔለር በተለምዶ የሚመረጠው 2200 ኬቪ ገደማ ያለው ሞተር ነው። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ግን 1000 ኬቪ ነበር፤ ይህ ደግሞ 10 ኢንች ገደማ የሆነ ፕሮፔለር ለሚያዞሩ ዝግተኛ አውሮፕላኖችና ድሮኖች የሚሆን ነው። ሒሳቡን ማንም ሰው ሊሠራው ይችላል። 11.1 ቮልት ባለው ባትሪ 2200 ኬቪ ሞተር ያለ ጭነት በደቂቃ ወደ 24,400 ዙር ሲዞር፣ 1000 ኬቪው 11,100 ብቻ ይዞራል፤ በ6 በ4 ፕሮፔለር ይህ በሰዓት 149 ኪሎ ሜትርና 68 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ በእውነተኛ በረራ ሁለቱም ከዚህ ይቀንሳሉ። ከፍጥነቱ በላይ የሚጎዳው ግን ግፊቱ ነው፤ የአንድ ፕሮፔለር ግፊት በዙሩ ቁጥር ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ ዙሩ በግማሽ ሲወርድ ግፊቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ክንፉ ትንሽ የሆነና በእጅ ተወርውሮ የሚነሣ ጄት የራሱን ክብደት የሚስተካከል ወይም ለዚያ የሚቀርብ ግፊት ያስፈልገዋል። በዚህ ሞተር ግን ልጁ በወረወረው ቁጥር ጥቂት ሜትሮች ተንሳፍፎ ከመውደቅ በስተቀር ሌላ ዕድል አልነበረውም፤ ሻጩም ሲጠየቅ «የሚወድቀው አወራወሩን ካልቻላችሁበት ነው» ብሎ መልሷል። በ14 ዓመት ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ጥፋት መለጠፍ ያሳዝነኛል።

ባትሪው ከሁሉ የከፋ ነው። ከላዩ «ሊፖ፣ 3ኤስ፣ 2200 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ 30ሲ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ሊፖ ማለት የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ነው፤ 3ኤስ በውስጡ ሦስት ሴሎች፣ ማለትም ሦስት ነጠላ ባትሪዎች፣ ተያይዘው መኖራቸውን፣ 2200 ደግሞ የሚይዘውን አቅም ይናገራል። 30ሲ ማለት ከአቅሙ 30 እጥፍ፣ ማለትም 66 አምፔር ያለማቋረጥ መስጠት ይችላል ማለት ነው። በሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 138 ግራም ብቻ መዘነ። በዚህ መጠን ያለ እውነተኛ ሊፖ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ170 እስከ 190 ግራም ይመዝናል፤ በአንጻሩ በአሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኙት 18650 የሚባሉት ክብ የብረት ባትሪዎች እያንዳንዳቸው ወደ 45 ግራም ስለሚመዝኑ፣ ሦስቱ ከሽቦና ከመሸፈኛ ጋር ልክ ወደዚያ ክብደት ይደርሳሉ። በወዳጄ ፈቃድ የላይኛውን ፕላስቲክ ስቀደው በካርቶን የተሸፈኑ ሦስት ክብ ባትሪዎች ወጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚታለልበትን ነገር ልብ በሉ፤ የተጻፈው 2200 የሚለው አቅም ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ቻርጀር ላይ ሲለካም ትክክል ሆኖ ሊታይ ይችላል። ውሸቱ ያለው በአንድ ጊዜ ሊሰጥ በሚችለው ጉልበት ላይ ነው፤ ምክንያቱም የላፕቶፕ ዓይነቱ ባትሪ በአብዛኛው የተሠራው ከአቅሙ እጥፍ ያህል፣ ማለትም ወደ 4.4 አምፔር እንዲሰጥ ነው። ተገቢው ሞተር ቢገጠም ኖሮ 20 አምፔር ገደማ ይስብበታል። ያን ጊዜ ባትሪው ይግላል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ የሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያም ባትሪው አልቋል ብሎ አውሮፕላኑ በመውጣት ላይ ሳለ ሞተሩን ያጠፋዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ባትሪውን በእጃችሁ ዳብሱት፤ ሊፖ እንደ ቀጭን መጽሐፍ ጠፍጣፋ ነው። ካርቶን ተደርጎበት ካልታወቃችሁ ደግሞ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል።

ቻርጀር ተብሎ የተሰጠው ደግሞ ለካሜራና ለኢንተርኔት ሣጥን የሚሆን ተራ የ12 ቮልት አዳፕተር ነው። ሦስት ሴል ያለው ሊፖ ሲሞላ 12.6 ቮልት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሴል 4.2 ቮልት ይሆናል፤ ቻርጀሩም የሚገባውን ጉልበት እየመጠነ፣ በአራት ቀጫጭን ሽቦዎች በሚሰካው ትንሽ ሶኬት በኩል ሴሎቹን አንድ በአንድ እየለካ እኩል ማድረግ ይኖርበታል። ይህ አዳፕተር ከነዚህ አንዱንም አያደርግም፤ ሴሎቹ እኩል ካልሆኑ አንዱ ከልክ በላይ ሊሞላ ይችላል፤ ሊፖ ከልክ በላይ ሲሞላ ደግሞ የሚያብጥና በእሳት የሚያያዝ ነገር ነው። ይህን ሳጥን የገዛችሁ ካላችሁ፣ ሌላውን ሁሉ ብትተዉት እንኳ በዚያ አዳፕተር ባትሪ አትሙሉ፤ በተለይም ሌሊት ወይም ልጆች ብቻቸውን ባሉበት ሰዓት።

ሁለተኛው አደጋ ፕሮፔለሩን የሚይዘው ዳዶ ነው። የተለመደ ፕሮፔለር በአፍንጫ ላይ ሲገጠም የአዙሪቱ አቅጣጫ ዳዶውን እያጠበቀው ይሄዳል፤ ያው ፕሮፔለር ወደ ኋላ በዞረ ሞተር ላይ ሲገጠም ግን አዙሪቱ ከዳዶው በኩል ሲታይ ስለሚገለበጥ፣ ዳዶውን እየፈታው ይሄዳል። ስለዚህ ለገፊ የተሠራ በተቃራኒ የሚዞር ፕሮፔለር፣ ወይም ቢያንስ ውስጡ ናይለን ያለበት የማይፈታ ዳዶ ያስፈልጋል። በሳጥኑ ውስጥ ሁለቱም አልነበሩም። በእጅ በሚወረወር ገፊ አውሮፕላን ላይ ፕሮፔለሩ ከሚወረውረው እጅ ኋላ እንደሚገኝ አስቡ፤ ዳዶው ቢላቀቅ ፕሮፔለሩ ወላጅ ወደቆመበት ወይም ልጁ ወዳለበት ሊወረወር ይችላል። ሞተሩን ስትሞክሩ ፕሮፔለሩን አውጥታችሁ ይሁን፤ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ከዞረም ከሦስቱ የሞተር ሽቦዎች ማናቸውንም ሁለት ማቀያየር ይበቃል።

ስለቀሩት በአጭሩ ልናገር። «ኢፒኦ» (ለሞዴል አውሮፕላን የሚሆን ጠንካራ ፎም) የተባለው ተራው ነጭ የማሸጊያ ፎም ነው፤ ከቁራጩ ላይ ተራ ሱፐር ግሉ ጠብ ሲደረግበት ቀለጠ፤ እውነተኛው ኢፒኦ ግን አይቀልጥም። የባትሪው ቦታ የተቆረጠው በክንፉ መሐል ሲሆን፣ ከባድ ሞተር ከኋላ ያለው አውሮፕላን ግን ባትሪው ወደ አፍንጫው ካልተጠጋ ጭራው ከብዶ አፍንጫውን ሽቅብ አንሥቶ ይወድቃል፤ ስለዚህ ክፍሉን ወደፊት አስፍቶ መቁረጥ ግድ ነበር። ሪሞቱም የግራና የቀኝ የክንፍ መሪዎችን በአንድ ላይም በተቃራኒም የሚያንቀሳቅሰው ቅንብር የለውም፤ ጭራው ላይ የተለየ መሪ የሌለው ዴልታ፣ ማለትም ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ክንፍ ያለዚህ ቅንብር ጨርሶ አይበርም። እንደ ፍላይስካይ ኤፍኤስ-አይ6 ያሉ ተራ ባለ 6 ቻናል ሪሞቶች እንኳ ይህን በምናሌያቸው ይዘዋል።

ሻጩ «በሠፈራችሁ ፓርክ ታበሩታላችሁ» ማለቱ ደግሞ ከዕቃው ጥራት የማይተናነስ ጉዳት ያመጣል። በአሜሪካ ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን እንዲህ ያለ አውሮፕላን በፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባው 5 ዶላር ሲሆን ለ3 ዓመት ያገለግላል፤ አብራሪውም ትረስት የሚባለውን ነፃ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ሕጉን ሙሉ በሙሉ ማስፈጸም ከተጀመረበት ከማርች 16 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ፣ ተለይተው ከተፈቀዱ ሜዳዎች ውጭ የሚበር ከሆነ ማንነቱን በሬዲዮ የሚያሰራጨው ሪሞት አይዲ እንዲኖረው ግዴታ ነው፤ በእጅ ለተሠራ ሞዴል ይህ መሣሪያ ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ወጪ ነው። ከሁሉ በላይ ግን፣ ከሬገን ብሔራዊ አውሮፕላን ማረፊያ 15 ማይል ገደማ በሆነ ዙሪያ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ምንም ዓይነት ሰው አልባ በራሪ ማብረር ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ፣ ብዙዎቻችን የምንኖርባቸው ቦታዎች፣ በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው። «ከሰለቸኝ ለአገር ቤት ዘመድ እልከዋለሁ» የሚልም ካለ፣ ድሮንና መሰል በራሪዎችን ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን ፈቃድ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ያለ ፈቃድ የተላከው በጉምሩክ ሊያዝ እንደሚችል ይወቅ።

እንግዲህ መግዛት የምትፈልጉ ወገኖች፣ ሻጩን በጽሑፍ የሞተሩን ኬቪ፣ የፕሮፔለሩን ስፋትና አቅጣጫ፣ የባትሪውን ክብደት በግራም፣ የሪሞቱን ስምና ሞዴል፣ የተገጣጠመውን አውሮፕላን ጠቅላላ ክብደትና የሚሰጠውን ግፊት ጠይቁ። አውሮፕላኑን በእርግጥ አብርሮት የሚያውቅ ሰው እነዚህን ለመመለስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም፤ «ሁሉም ተመጣጥኖ የተዘጋጀ ነው» ከማለት ውጭ መልስ ከሌለው ግን ገንዘባችሁን አትስጡ። የክፍያው ጉዳይም ቀላል አይደለም፤ በዜል የተላከ ገንዘብ ለዕቃ ግዢ ምንም ዋስትና የለውም። በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁና የመጣው ዕቃ ከተባለው ከተለየ ግን፣ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያው መግለጫ ከተላከበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀናት ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ ማመልከት ትችላላችሁ። ወዳጄ ያ መንገድ ስላልነበረው፣ የማስታወቂያውን ቅጂ፣ ባትሪው በሚዛን ላይ ያለበትን ፎቶና የሞተሩን መለያ ቁጥር ይዞ ለካውንቲው የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ አቤቱታ አስገብቷል። ይህን ሳጥን የገዛችሁ ሌሎች ካላችሁ ዕቃውን ሳትጥሉ፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትንም ሳታጠፉ በየምትኖሩበት ካውንቲ እንዲሁ እንድታደርጉ እጠይቃለሁ።