ቱሉ ዲምቱ ያለችው መጽሐፍ አከራይና ከአያቴ ጋር ያነበብነው «ጥልፍ»

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ሰፈራችን ውስጥ መጽሐፍ የሚያከራይ ቤት እንዳለ ታውቃላችሁ? ከታክሲ ተራው ወደ ውስጥ ገባ ስትሉ፣ ከአትክልት መሸጫው አጠገብ ያለችው ሰማያዊ ኮንቴይነር ናት። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በደጇ ሳልፍ ፎቶ ኮፒ ቤት ትመስለኝ ነበር።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ለአንድ መጽሐፍ በሳምንት 40 ብር ትከፍላላችሁ፣ 400 ብር ታስይዛላችሁ፣ ስትመልሱ ማስያዣችሁን ትቀበላላችሁ። መታወቂያ አይያዝም። መጽሐፍ ፍለጋ ብሔራዊ ቴአትር ድረስ ወርዶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ለሚፈጅብን የዳር ሰፈር ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ግን የወደድኩት ዋጋውን ብቻ አይደለም። ባለቤቷ «ምን ልስጥሽ?» አላለችኝም። «ከማን ጋር ነው የምታነቢው?» አለችኝ። ከእናቴና ከአያቴ ጋር ነው የምኖረው፣ አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ላይ አነብላቸዋለሁ አልኳት። ትንሽ አሰበችና ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አወጣችልኝ። የኢራን ተወላጇ የማርጃን ሳትራፒ «ጥልፍ»። እ.ኤ.አ. በ2003 በፈረንሳይኛ የወጣ በሥዕል የተሠራ መጽሐፍ ነው፤ እኔ የያዝኩት የእንግሊዝኛውን ትርጉም ነው። እያነበብኩ በአማርኛ ነገርኳቸው።

ታሪኩ ቴህራን ውስጥ አንድ ቤት ነው። ምሳ ተበልቷል፣ ወንዶቹ ሊያሸልቡ ገብተዋል፣ ሴቶቹ ሻይ ቀድተው ተቀምጠዋል። አያት፣ እናት፣ አክስት፣ የቤት ወዳጆች፣ ልጅቷም መሃላቸው። ከዚያ ወሬ ነው። ማን ማንን አገባች፣ ማን ተገደደች፣ ማን ሸሸች። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ፊቶቹ ገጹን ሞልተው ይናገራሉ፣ አያቴ መነጽሯን አድርጋ የአሮጊቷን ፊት ለረጅም ጊዜ አየችና «እዚያም ቡና አለ?» አለችኝ። ሻይ ነው አልኳት። «ያው ነው» አለች።

አቦል ላይ ፓርቪን የምትባለው ሴት ጋ ደረስን። በ13 ዓመቷ ለ69 ዓመት ጄኔራል ተዳረች። በሠርጓ ሌሊት ጥላው ጠፋች። ይህን ስል አያቴ ጀበናውን እንዳነሳች ቀረች። ሲኒው አፍ ላይ ዘንበል አድርጋዋለች፣ ቡናው ግን አይወርድም። ከዚያ «ማን አስጠጋት?» አለች።

እኔ የጠበቅኩት ሌላ ጥያቄ ነበር። ለካ እሷም ሸሽታ ታውቃለች። «እኔን የመለሰኝ ወንድሜ ነው። በማግስቱ፣ በበቅሎ ጭኖ» አለችና ቡናውን ቀዳች። መንዝ፣ ገና 12 ዓመቷ ሳለ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው፣ ይህን ሰምታ አታውቅም። ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችና ዝም አለች።

ቶና ላይ የመጽሐፉ ርዕስ ትርጉም መጣ። ጥልፍ ያሉት የጨርቁን አይደለም፤ ድንግልናዋን ያጣች ሴት ለሠርጓ ብላ የምታሰፋውን ነው። ለአያቴ እንዴት ብዬ ልተርጉመው ብዬ ተጨነቅኩ። እንደምንም አልኩት። «የእኛዎቹ የዶሮ ደም ነበር የሚያዘጋጁት» አለች፣ እናቴም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስክታነባ ሳቀች።

የመጽሐፉ ጥንካሬ እዚህ ጋ ነው ለእኔ። ባህሉን የሚጭኑት ወንዶች ብቻ ናቸው ብሎ አያልፍም። ሴቶቹ ራሳቸው ለልጆቻቸው ያቀብሉታል፣ ደግሞ እነዚያው ሴቶች በጓዳ ያላሉታል። አያቴን አይቻታለሁ። አክስቴ ስትዳር «ብር አምባር» እስኪባል እንቅልፍ ያጣችው እሷ ናት። እናቴ 12ኛ ክፍልን ሳትጨርስ አትዳርም ብላ ከባሏ ጋር ለወር የተኳረፈችውም እሷ ናት። ሁለቱም እውነት ነው።

የኢራንን ታሪክ ትንሽ ብታውቁ ንባቡ ይበልጥ ይገባችኋል። እ.ኤ.አ. በ1936 ሬዛ ሻህ ሴቶች ሂጃብ እንዳያደርጉ ከለከለ፣ ፖሊስ መንገድ ላይ ከራሳቸው ላይ ይገፍ ነበር። ከ1979ኙ አብዮት በኋላ ደግሞ መሸፈን ግዴታ ሆነ። አያቲቱን አውልቂ፣ የልጅ ልጇን ልበሺ። ሁለቱንም ጊዜ ሴቶቹን የጠየቃቸው የለም። የጋብቻ ዕድሜም እንደዚሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ለሴት ልጅ 18 ደርሶ ነበር፣ ከአብዮቱ በኋላ ወደ 9 ወረደ፣ በ2002 ወደ 13 ከፍ አለ። እኛ ጋ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ይል ነበር፣ 18 ያደረገው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። አያቴ ስለ አንዱም የሰማችው የለም።

አሁን ስለ ቤቷ ቅሬታዬን ልናገር። እሑድ ዝግ ናት፣ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ለሚውል ሰው ይህ አይመችም። በዘገያችሁበት ቀን 10 ብር ቅጣት አለ፣ ስልክ ደውላችሁ ካላራዘማችሁ ምንም ምክንያት አይሰማም። ውስጡ መብራት ደካማ ስለሆነ መጽሐፍ ለመምረጥ በር ላይ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። የእኔ ቅጂ ጀርባው ላልቷል፣ አንድ ቅጠል በፕላስተር ነው የተያዘው። ሴቶች የጻፏቸው የአማርኛ መጻሕፍትም በጣም ጥቂት ናቸው፣ ይህንን ለባለቤቷ ነግሬያታለሁ፣ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

መጽሐፉ ለልጆች አይሆንም። ለትልቅ ሴት ልጅ፣ ለእናት፣ ለአያት ግን አንድ ላይ ተቀምጣችሁ አንብቡት፤ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። እኛ በረካው ላይ ደርሰን አልጨረስነውም፣ ምክንያቱም አያቴ የራሷን ቀጠለች።

ለአንድ ሳምንት አራዝሜዋለሁ። የፓርቪንን ቦታ ለጎረቤቶቻችን እንደገና አንብቢ ብላኛለች፣ ከታች ካለው ፎቅ ሦስት ሴቶች ጠርታለች። ስለዚህ መከራየት የፈለጋችሁ ከሰኞ በኋላ ጠይቁ።