የሰብ ውፈሬን ገመድ ከዲሽ ገመድ ለሠሩልኝ ጋሼ

ሰላም ሰዎች። ይቺ የምስጋና ፖስት ናት፣ ትንሽ ረዘም ትላለችና ታገሱኝ።

ባለፈው ወር ያገለገለ የሆም ቴአትር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ከነሰብ ውፈሩ፣ ማለትም ቤዝ ከሚያወጣው ትልቅ ስፒከር ጋር ገዛሁ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሳሎኑ ጠባብ ስለሆነ ሰብ ውፈሩ ቦታ ያገኘው ከቲቪው ማዶ ሶፋው ጥግ ብቻ ነው። ረጅም ገመድ አስፈለገኝ። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ጃኩ ወርቃማ የሆነ፣ ጣት የሚያክል ገመድ አውጥቶ 4,200 ብር አለኝ። "ቤዙን የሚያመጣው ይሄ ነው" አለ ኮስተር ብሎ። ትቼው ወጣሁና መንገድ ላይ ቀይና ነጯን ቀጭን ገመድ በርካሽ ገዛሁ፣ ስላጠረችኝም ሁለት ቀጣጥዬ ሰካሁ። ፊልሙ ሳይጀመር ቤቱ እንደ ወፍጮ ቤት "እምምምም" አለ።

ጓደኛዬ ተክለሃይማኖት አካባቢ ያሉ አንድ ጠጋኝ ጋ ላከኝ። ሱቅ ለማለት ይከብዳል፣ ደረጃ ስር ያለች ሁለት ሰው የማታስቆም ክፍል ናት።

"ጋሼ፣ የሰብ ውፈር ገመድ ፈልጌ ነበር።"

"ፎቶ አንስተሃል?"

የአምፑን ጀርባ በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩና "ልጄ፣ ወደ ሰብ ውፈሩ የሚወጣው፣ ሰብ አውት የሚለው አንድ ቀዳዳ ነው። ሁለት ገመድ ምን ያደርግልሃል?" አሉኝ።

ከዛ ከጥቅሉ የዲሽ ገመድ መዘዙ። አዎ፣ ያው ከጣሪያ ወደ ሪሲቨር የሚወርደው፣ አርጂ 6 የሚባለው። የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር። በካተር ልጠው አሳዩኝ፦ መሃሉ ላይ አንድ ደንዳና ሽቦ፣ ዙሪያውን ነጭ ፎም፣ ከዛ ፎይል፣ ከላይ ደግሞ የተጎነጎነ ቀጫጭን ሽቦ። "ጩኸት የሚከለክለው ይሄ መረብ ነው" አሉና የኔንም ቆረጡት። ውስጡ እንደ ፀጉር የሳሱ ጥቂት ሽቦዎች ወደ አንድ ጎን ተጠምዝዘው ተኝተዋል። አፈርኩ።

"ይሄ ገመድ ከዲሽ የሚያመጣው 2 ሺህ ሜጋኸርዝ ይደርሳል። ያንተ ቤዝ 120 ኸርዝ አያልፍም። ይከብደዋል ብለህ ነው?"

ሁለቱን ጫፍ በአርሲኤ ጃክ (ያው በቀይና ነጯ ገመድ ጫፍ ያለው ዓይነት) ሶልደር አደረጉና ቴስተሩ እየጮኸ ጃኩን ወዲያ ወዲህ አወዛወዙት፣ ይቋረጥ እንደሆነ ለማየት። አልተቋረጠም። ጃኩንም እጃቸውንም ጨምሮ 480 ብር!

ቤት ስሰካው "እምምም" የሚለው ድምፅ በጣም ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። ደወልኩ። አምፑን ከቲቪው ጋር ካለው ሶኬት፣ ሰብ ውፈሩን ደግሞ ከሶፋው ጀርባ እንደሰካሁ ስነግራቸው፣ ኧርዙ (ወደ መሬት የሚሄደው የመከላከያ ሽቦ) በሁለት መንገድ ሲዞር የመብራቱ 50 ኸርዝ እየገባብህ ነው፣ ሁለቱንም ከአንድ ዲቫይደር አድርግ አሉኝ። አደረግኩ። ጭጭ። የኧርዙን እግር የሚቆርጡም ሰዎች አሉ፣ እንዳትሞክራት፣ አደገኛ ነው ብለው ገና ሳላስበው ተቆጡኝ።

እንከኑንም ልናገር። ገመዱ ደረቅ ነው፣ ጥግ ላይ አጥብቃችሁ ካጠፋችሁት መሃሉ ያለው ሽቦ ሊጎዳ ይችላል። አያምርምም፤ ባለቤቴ "ዲሹ ሳሎን ገባ እንዴ?" ብላ ስቃብኛለች። ዕቃ ቶሎ ቶሎ የምታዘዋውሩ ከሆነ የሴኪዩሪቲ ካሜራውን አርጂ 59 ጠይቁ፣ እሱ ለስለስ ይላል። (ከታች ያሉት እትዬ ግን የሁለቱም ልዩነት አይገባቸውም፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ድምፁን እቀንሳለሁ።)

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስማቸው እዚህ እንዲወጣ አልፈለጉም፣ በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አትሂዱ፣ አይከፍቱም። የአምፑንም የሰብ ውፈሩንም ጀርባ ፎቶ አንሱ፣ ርቀቱን ደግሞ ግድግዳውን ተከትላችሁ በሲባጎ ለኩ። እኔ በአይኔ ገምቼ 4 ሜትር ብዬ ነበር፣ 5 ያደረጉት እሳቸው ናቸው፣ ያቺ አንድ ሜትር ባትኖር ሶፋው ጋ አይደርስም ነበር።