ልጄን ጥናት መሥራት ላስተማሯት መምህር

ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። ዘንድሮ ትምህርት ቤቷ «ስለ አዲስ አበባ ታሪክ ጥናት ሠርታችሁ አምጡ» አላቸው። እንዴት እንደሚሠራ ግን ማንም አላሳያቸውም። ያለቀለት ጥናት ጠርዘው የሚሸጡ ፎቶ ኮፒ ቤቶች አሉ፤ ብዙ ልጆች ከዚያ ገዝተው አስረከቡ። አንጀቴ አረረ።

አንዲት ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ጠቆመችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት መገናኘት ጀመሩ። ልጄ «ጋሼ» ነው የምትላቸው።

መጀመሪያ ቀን አንድ መስመር አላስጻፏትም። «ይሄ ርዕስ ነው፣ ጥያቄ አይደለም። አንቺ ማወቅ የምትፈልጊው ምንድን ነው?» አሏት። ሁለት ቅዳሜ እዚሁ ላይ ሄደ። እኔ ማስረከቢያው ደረሰ ብዬ ስጨነቅ፣ እሷ ጥያቄዋን ይዛ መጣች፦ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ለምን ወደ መርካቶ ሄደ?

ከዚያ ንባብ ሆነ። ለአንድ መረጃ አንድ ካርድ፣ ከጀርባው የመጽሐፉ ስምና ገጹ። አንድ ቀን ሁለት ካርዶች አልስማማ አሏት። አንዱ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በ1928 ነው ይላል፤ ሌላው በ1936። ጋሼ መልሱን አልነገሯትም። ካርዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው «መጽሐፎቹ የተጻፉት በምን በምን ቋንቋ ነው?» አሏት። ለካ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው! አሁን ዓመተ ምሕረት ባየች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀው የማን አቆጣጠር እንደሆነ ነው።

እኔን ከሁሉም የነካኝ ግን የቃለ መጠይቁ ነገር ነው። ፒያሳ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ጋ ሄዳ «ጣሊያን ገበያውን ያነሳው ሐበሻና ነጭ እንዳይቀላቀል ብሎ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀች። «አዎ ልጄ» አሏት። ደስ ብሏት ቅጂውን ለጋሼ አሰማች። «ይሄ የአንቺ መልስ ነው፣ የእሳቸው አይደለም» አሏት። መልሳ ሄደች። አስፈቅዳ እየቀዳች «ስለ ድሮው ገበያ የሚያውቁትን ይንገሩኝ» ብቻ አለች። አዛውንቱ አባታቸው የነገሯቸውን አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩላት። ወረቀቷ ላይም «ከአባታቸው የሰሙት» ብላ ጻፈች፤ ያዩትና የሰሙት አንድ እንዳልሆነ ገብቷታል። የመለያየቱን ነገር ደግሞ ስለ ጣሊያን የከተማ ፕላን ከተጻፈው አረጋገጠች።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እድሜና ጤና ይስጥዎት።

ወላጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሠርተው አይሰጧችሁም፤ ያንን ፈልጋችሁ ከሆነ አትድከሙ። ቢያንስ 2 ወር ሲቀረው ጀምሩ። ክፍያቸው አይጎዳም፤ አቅም ለሌለውም ያስባሉ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ለጊዜው ቅዳሜ ከሰዓት የሁለት ልጆች ቦታ አላቸው።