ባለ ቆርኪ መክፈቻ ሰንጢ፦ ቀዩ ስዊስ፣ ባለ አሉሚኒየሙ፣ የቻይናው ወይስ የባሌስትራው?

የሰንጢን አሠራር ቶሎ የሚያጋልጠው ቆርኪ መክፈቻው ነው። ስለት ቢደንዝ በድንጋይ ይመለሳል። መክፈቻው ግን ማጠፊያው ላይ ያለችውን አንዲት ፒን በሙሉ ጉልበት ስለሚጎትታት፣ የላላ ነገር ካለ ብዙ ጠርሙስ ሳይከፈት ይታወቃል። ሐበሻም ዳሽንም በሚጠመቁባት በደብረ ብርሃን ደግሞ መክፈቻው ሥራ አያጣም። ስለዚህ ሱቅ ቆሞ ሰንጢ የሚያገላብጥ ሰው «ስንት ነገር አለው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት ሁለት ነገር ይመልከት፦ መክፈቻው በምን ተይዟል? እጀታውስ በምን ተያይዟል? ሁለተኛው በተለይ በኋላ ቀንድ ወይም ወይራ ላልብሰው ለሚል ሰው ወሳኝ ነው።

ከርካሹ እንጀምር። አሥር አሥራ አምስት ነገር ታጭቆበት የሚሸጠው የቻይና ሰንጢ ሁሉም መጥፎ አይደለም፤ ችግሩ አንዱ ከሌላው አለመመሳሰሉ ነው። አንድ ካርቶን ውስጥ ጠንካራውም ልፍስፍሱም ይገኛል። በመሆኑም ሲገዛ አንድ በአንድ መፈተሽ ግድ ነው። መክፈቻውን አውጥተው ግራና ቀኝ ያወዛውዙት፤ ጫፉ በግልጽ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ይተዉት። ከዚያ አጥፈው ወደ ብርሃን ያንሡት፦ በጀርባው ሞላና በጎኑ ቆርቆሮ መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ፒኑ በደንብ አልተቀጠቀጠም። በመጨረሻ ስለቱን ሲያጥፉ ጎኑ ቆርቆሮውን ይፍቀው እንደሆነ ያዳምጡ። አንዳንድ ነጋዴ ማግኔት አውጥቶ «አይዝም፣ ስለዚህ አይዝግም» ይላል። ይህ ፈተና ለስለት አይሠራም፤ ለቢላ የሚሆነው ጠንካራ የማይዝግ ብረት ማግኔት ይይዘዋል፣ የስዊሱም ጭምር። እንዲያውም ማግኔት ጨርሶ የማይዘው ስለት ስለታምነቱን የማቆየቱ ነገር ያጠራጥራል።

ቀዩ ስዊስ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ቪክቶሪኖክስ ስፓርታን ነው። ሲታጠፍ 91 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 60 ግራም ገደማ ነው። ትልቅና ትንሽ ስለት፣ ቆርቆሮ መክፈቻ፣ ቆርኪ መክፈቻ፣ ወስፌ፣ የቡሽ መንቀያ፣ መቆንጠጫና የጥርስ መጎርጎሪያ አለው። የቆርኪ መክፈቻው ጫፍ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ሆኖም ያገለግላል። ጥሩ የሚያሰኘው የብረቱ አመራረጥ ነው፦ ስለቱ በሮክዌል የብረት ጥንካሬ መለኪያ 56፣ ካቻቪቴውና መክፈቻው 52፣ ሞላው 49 ተደርጎ ነው የሚጠነክረው። መክፈቻው እንደ ስለቱ ቢጠነክር ሲጠመዘዝ የመሰበር ዕድሉ በጨመረ ነበር። እውነተኛው ከአስመሳዩ የሚለየው በመጀመሪያ ትልቁ ስለት ሥር ባለው ማኅተም ነው፤ ማኅተሙ ቢኖርም እንኳ ከላይ ያለው የብርሃንና የውዝዋዜ ፈተና አይቀርም።

ባለ አሉሚኒየሙ፣ ማለትም ፓዮኒር፣ 93 ሚሊ ሜትር ነው። የቡሽ መንቀያ፣ መቆንጠጫና የጥርስ መጎርጎሪያ የለውም። የቀረው አንድ ትልቅ ስለት፣ ወስፌና ሁለቱ መክፈቻዎች ናቸው። ለቆርኪ ብቻ ከሆነ ከስፓርታን ይሻላል፤ ጎኑ ያለው ሸካራ አሉሚኒየም በእርጥብ እጅም አይንሸራተትም፣ ቢወድቅም እንደ ስፓርታን ፕላስቲክ አይሰነጠቅም። በደጋው ብርድ ማለዳ ሲጨብጡት ግን እንደ በረዶ ነው። ወይን የሚከፍት ሰው ቡሽ መንቀያውን ስለሚናፍቅ ስፓርታንን ይያዝ። የሁለቱም ስለት እንደማይቆለፍ አይርሱ፤ በጫፉ ሲወጉበት ጣት ላይ ይታጠፋል። በግ ለመግፈፍም ስለታቸው ጠባብ ነው።

እጀታ መቀየር ላይ ልዩነታቸው ይሰፋል። የፓዮኒር አሉሚኒየም የሰንጢውን አካል ከያዙት ፒኖች ጋር አብሮ የተቀጠቀጠ ነው፤ እሱን ማንሣት ማለት ሰንጢውን መፍታት ነው፣ መልሶ ማጥበቁም የባለሙያ ሥራ ነው። ስምዎን ያስቀርጹበትና ይብቃዎት፤ ባለ ቀለም ከሆነ ቀለሙ ሲፋቅ ሥሩ ያለው ብርማ ብረት ይወጣል፣ ጽሑፉም ጎልቶ ይነበባል። የስፓርታን ፕላስቲክ ግን ወፍራም ጭንቅላት ባላቸው የነሐስ ፒን ጫፎች ላይ ተጭኖ ብቻ ነው የተያዘው።

የስፓርታኑን ለመቀየር መጀመሪያ መቆንጠጫውንና የጥርስ መጎርጎሪያውን ያውጡ። ቀጭን ቢላ በፕላስቲኩና በቆርቆሮው መካከል ያስገቡና ፒን ባለበት ቦታ ቀስ እያሉ ያንሡ። መሐሉን ብቻ ይዞ መፈንቀል ፕላስቲኩን የመቆንጠጫው መግቢያ ጋ ይሰነጥቀዋል፤ እዚያ ላይ በጣም የሳሳ ነው። አሮጌውን አይጣሉ፣ ለአዲሱ ልክ ይሆናል። አዲሱን ከቀንድ ወይም ከወይራ በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያስጠርቡ። የፒኑን ቦታ ለማግኘት ጭንቅላቱን ቀለም ቀብተው አዲሱን ልባስ ይጫኑበት፤ በታተመው ምልክት ላይ ጉድጓዱን ይብሱ፣ ነገር ግን ወደ ውጭ አይዝለቅ። ከዚያ በኢፖክሲ ማጣበቂያ ለጥፈው፣ ሞርሳውን ቆዳ አልብሰው፣ በቀላሉ አጥብቀው ያሳድሩት። ኢፖክሲው ወደ ማጠፊያው ከገባ ሰንጢው አይከፈትም፤ ስለዚህ ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ዘይት ይቀቡ፣ ሳይደርቅ በፊትም ሁሉንም መሣሪያ አንድ ጊዜ ያውጡና ይመልሱ።

ቀንድ በክረምት እርጥበት ያብጣል፣ በበጋው ነፋስ ይኮማተራል። ከወራት በኋላ ጠርዙ ብድግ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ከመጥረብ በፊት ቤት ውስጥ በደንብ ይድረቅ። ወይራም እርጥብ ከሆነ ይሰነጠቃል። ማለስለሻው በ120፣ ቀጥሎ በ240፣ ከዚያ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ነው፤ የቀንድ ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ለወይራው ስስ የተልባ ዘይት ይበቃዋል። ዘይት የነካውን ጨርቅ ግን ጨብጠው ጥግ አይጣሉት፤ ሲደርቅ ራሱን አሙቆ ሊነድ ይችላል፣ ዘርግተው ውጭ ያድርቁት።

አራተኛው ምርጫ ከመኪና ባሌስትራ ባለ እጅ የሚቀጠቅጠው ነው። ብዙ ጊዜ የማይታጠፍ፣ አፎት የሚፈልግ ቢላ ነው፤ ሥጋ ላይ ሦስቱንም ይበልጣቸዋል። ባሌስትራ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ስላለው በእሳት ይጠነክራል፣ ተራ የአርማታ ብረት ግን ብዙም አይጠነክርም። ልዩነቱን ለማወቅ ስለቱን በሞረድ ይሞክሩት፦ ሞረዱ ሳይነክስ ቢንሸራተት በደንብ ጠንክሯል፣ እንደ ቅቤ ከላጠው ግን ያልጠነከረ ነው። ይዝጋል፤ ሎሚና ሽንኩርት ያጠቁረዋል፤ በተለይ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዶ ላብ ሲነካው ቶሎ ይቀየራል። ጠርጎ ዘይት መቀባት መድኃኒቱ ነው። በሌላ በኩል መታጠፊያ ስለሌለው ስብ የሚደበቅበት ቦታ የለውም። የፍስክና የጾም ቢላ ለሚለይ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የታጣፊውን ሆድ ለማጥራት ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና ብሩሽ ያስፈልጋል፣ ከደረቀ በኋላም አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት።

የባሌስትራው ቢላ ቆርኪ መክፈቻ አብሮት አይመጣም፣ ማዘዝ አለብዎት። ስለቱ ጀርባ ላይ አይቁረጡለት፤ ጠርሙስ ሲከፈት ስለቱ ወደ ሰው ይዞራል፣ ብረቱንም ያዳክማል። በዚያ ላይ በማሽን ሲሞረድ ብረቱ ሰማያዊ ካወጣ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሷል፣ ጥንካሬው እዚያ ቦታ ላይ ሄዷል። ትክክለኛው ቦታ የእጀታው ጭራ ነው፤ ብረቱ ከእጀታው ወደ ኋላ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ተርፎ ይቀጥቀጥና መክፈቻው እዚያ ይቆረጥ። ሲከፍቱ ታዲያ ስለቱ አፎቱ ውስጥ ይሁን።

ልኩ የሚወሰደው ከቆርኪው ነው። ቆርኪ 21 ጥርስ አለው፣ ጠርሙስ ላይ ተጨምቆ ሲከደን ስፋቱ 29 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ከጥርሱ ሥር ከሚገባው ከንፈር ቆርኪው አናት ላይ እስከሚያርፈው ጫፍ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከዚህ ካጠረ ቆርኪውን ያጎብጠዋል እንጂ አያነሣውም፤ ከረዘመ ጉልበት ይበላል። ከንፈሩ ከ2 ሚሊ ሜትር አይወፍር። መጀመሪያ በካርቶን ቆርጠው ክዳኑ ባልተነሣ ጠርሙስ ላይ ይለኩት፣ ከዚያ ለባለ እጁ ይስጡት። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጠርሙሶች ሲከፍቱም አፋቸውን በጣት ሳይሆን በዓይን ይመርምሩ፦ መስታወቱ ከተሸረፈ ከንፈሩ ወፍሮ የጠርሙሱን አንገት እየነካ ነው፤ መጠጡ ይደፋ፣ ከንፈሩም በሞረድ ይሳሳ።