የሞተረኛ እጅ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ላይ

ካለፈው ሰኔ ጀምሮ ከሽሮ ሜዳ ቦሌ አካባቢ ወዳለው ሥራዬ የምመላለሰው በኤሌክትሪክ ብስክሌት ነው፤ ከዚያ በፊት ለ11 ዓመታት የተመላለስኩት ግን በ125 ሲሲ ሞተር ነበር። ብስክሌቱ ከቻይና የመጣ ነው። የንግድ ስሙን አልጽፍም፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጣው ዕቃ ሦስትና አራት ስም እየተለጠፈበት ስለሚሸጥ፣ ገበያ የሚወጣ ሰው ስሙን ሳይሆን ዝርዝሩን ቢይዝ ይሻለዋል። ዝርዝሩም ይህ ነው፦ በኋላው ሞዞ (በጎማው መሐል ባለው እምብርት) ውስጥ የተቀበረ 500 ዋት ሞተር፣ ባለ 48 ቮልትና ባለ 13 አምፔር-ሰዓት ባትሪ፣ በሽቦ የሚሳብ የፊትና የኋላ ዲስክ ፍሬን፣ ባለ 26 ኢንች ጎማ፣ ሰባት ማርሽ፣ 28 ኪሎ ግራም ክብደት። ፔዳሉ ሲረገጥ ሞተሩ ያግዛል፤ ፔዳሉ ሳይነካም በቀኝ እጅ ጋዝ ሲሰጡት ይሄዳል። እንደ እኔ ያለውን ሞተረኛ ወደ ሱቁ የሚስበው ይህ የኋለኛው ነገር ነው፤ ገዝተው ከተጸጸቱ ሞተረኞች የምሰማው ቅሬታም አብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

በእኛ ቋንቋ ነገሩ ከስያሜው ጀምሮ የተደባለቀ ነው። የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ሞተር ሳይክልን «ሞተር ብስክሌት» ይለዋል፤ ታዲያ ብስክሌት ሆኖ ሞተር ያለውን ምን ልንለው ነው? የሰፈሬ ልጆች «ቻርጅ የሚደረገው» ብለው ገላግለውኛል። ድብልቁ ግን የስም ብቻ አይደለም። ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ እ.ኤ.አ. በ1885 የሠሩት ባለቤንዚን ሞተር ሳይክል የብስክሌት ቅርጽ ባለው የእንጨት አካል ላይ የተጫነ ሞተር ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ፔዳል የሚያግዝ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ጃፓን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት አምርቶ ለገበያ ያቀረበው ደግሞ የብስክሌት ፋብሪካ ሳይሆን ያማሃ ነው፤ በየገጠሩ የልማት ሠራተኞች ጭቃና ወንዝ የሚሻገሩበትን ሞተር የሚሠራው ያው ያማሃ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሞተረኛውንና ብስክሌተኛውን ያገናኛቸው መንገዱ ነው። የከተማ አስተዳደሩ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም ጀምሮ በሞተር ሳይክሎች እንቅስቃሴ ላይ እገዳ ከጣለ ወዲህ ሞተር መያዝ ፈቃድና ምዝገባ የሚከተለው ጉዳይ ሆነ፤ በሌላ በኩል የኮሪደር ልማቱ ከ4 ኪሎ በመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ ድረስ ለብስክሌት የተለየ መስመር ይዞ መጣ። አንድ ጠዋት በሞተሬ ላይ ሆኜ በተቆለፈ ትራፊክ መካከል የሰው ጭስ እየማግሁ ስጠብቅ፣ አንድ ወጣት በዚያ መስመር ላይ እግሩን ሳያንቀሳቅስ፣ ድምፅም ሳያሰማ አልፎኝ ሄደ። ብስክሌቱን ለመግዛት የወሰንኩት ያን ዕለት ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ያበላሸብኝ ግራ እጄ ነው። ሞተር ላይ ግራ እጅ የፍሪሲዮን ነው፤ ሞተረኛ ለመቆም ሲያስብ፣ እንዲያውም ከማሰቡ በፊት፣ በአራት ጣቱ እስከ መጨረሻው ይጨብጠዋል። እኔ በገዛሁት ብስክሌት ላይ ግን በዚያው ቦታ ያለው የፊት ፍሬን ነው። በሦስተኛው ቀን ከ6 ኪሎ ወደ 4 ኪሎ ስወርድ ከፊቴ የነበረ ሚኒባስ ወራጅ ለማውረድ ድንገት ቆመ። እጄ ለ11 ዓመት የለመደውን አደረገ። የፊት ጎማው ደረቀ፣ የኋላው ከአስፋልቱ ተነሣ፣ ደረቴ መሪው ላይ ተኛ፤ ዓይኔ በሚኒባሱ የኋላ መስተዋት ላይ የተለጠፈውን የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ከአንድ ክንድ ባነሰ ርቀት አየ። ኋላው ተመልሶ ሲወድቅ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ፋዘር፣ ቀስ በል እንጂ!» አለኝ። እኔም ልክ ነህ ከማለት ሌላ የምመልሰው አልነበረኝም። ሻጩ ስለ ባትሪው ዋስትና ግማሽ ሰዓት ሲያስረዳኝ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገረም፤ ከሞተር ለሚመጣ ገዢ ግን ከሁሉ በፊት ሊነገር የሚገባው ይኸው ነበር።

ያም ሆኖ ከሞተር የመጣ ሰው ይዞት የሚመጣው ሀብት ቀላል አይደለም። ዓይኑን ከጎማው ሥር ሳይሆን ወደፊት አሻግሮ መጣል፣ የቆመ ታክሲ በሩን ሊከፍት እንደሚችል አስቀድሞ መጠርጠር፣ በመኪና ጎን በማይታይበት ቦታ አለመዘግየት፣ በዘይትና በጠጠር ላይ ፍሬን አለመያዝ፣ እነዚህ ሁሉ ሳይለወጡ ይሻገራሉ። ከተራ ብስክሌት ወደ ኤሌክትሪክ የተሻገሩት ጓደኞቼ በሚዛንና በፔዳል ይበልጡኛል፤ ፍጥነቱን ግን አያውቁትም። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የለመደ ሰው በ30 ሲሄድ ፍሬን ከያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህን ሞተረኛ በአካሉ ያውቀዋል፣ ብስክሌተኛው ግን አንድ ቀን ደንግጦ ነው የሚማረው።

ወደ ዳገቱ ልምጣ፤ ይህ ዕቃ በአዲስ አበባ የሚመሰገነውም የሚታማውም በዳገት ነው። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ቤንዚን ደግሞ ያለ አየር አይነድም። የድሮው ሞተሬ ከ6 ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጣ የሚያቃስተው አርጅቶ ብቻ ሳይሆን ትንፋሽም ስለሚያጥረው ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም፤ የሚሰጠው ጉልበት ቦሌም ሆነ እንጦጦ ግርጌ አንድ ነው። ይህን ካልኩ በኋላ ግን 500 ዋት ያው 500 ዋት መሆኑን መርሳት አይገባም። በጋዝ ብቻ ዳገቱን ስወጣ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 13 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፣ ሞዞውም እጅ የማያስነካ ይሆናል። እንደ ሞተረኛ የመጀመሪያ ሐሳቤ ማርሽ መቀነስ ነበር፤ ማርሹ ግን የፔዳሉ እንጂ የሞተሩ አይደለም። ሞተሩ በቀጥታ ጎማውን ስለሚያዞር፣ አንደኛ ማርሽ ላይ ብትሆኑም ሰባተኛ ላይ ብትሆኑም ለእርሱ ለውጥ የለውም። ማርሹ ሞተሩንም እንዲጠቅም የሚፈልግ ሰው ሞተሩ በሞዞ ሳይሆን በፔዳሉ መሐል የተገጠመለትን ዓይነት መግዛት አለበት፤ ዋጋው ግን በጣም የራቀ ነው። በእኔው ላይ ያለው መፍትሔ ማርሹን ቀንሶ እግርን ማሠራት ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሩና እግሬ ተጋግዘው በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ያህል እወጣለሁ፤ ልቤ ይመታል እንጂ ሸሚዜ አይበሰብስም።

የባትሪው ሒሳብም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። 48 ቮልት በ13 አምፔር-ሰዓት ሲባዛ 624 ዋት-ሰዓት ነው። እኔና ብስክሌቱ አንድ ላይ ከ100 ኪሎ በላይ ስለምንመዝን በየ100 ሜትር ከፍታ፣ ሞተሩ በሙቀት የሚያባክነው ተጨምሮ፣ ወደ 40 ዋት-ሰዓት ይሄዳል። ደርሶ መልሴ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እግሬን አንጠልጥዬ በጋዝ ብቻ ስሄድ ማታ ቤት የምደርሰው በባትሪው ውስጥ ከሲሶ ያነሰ ቀርቶ ነው፤ ፔዳል እየረገጥኩ ስሄድ ግን ከግማሹ በላይ ይተርፋል። ሙሉውን ለመሙላት ከግድግዳው የሚሳበው ከአንድ ኪሎዋት-ሰዓት በታች ስለሆነ የመብራት ሒሳቤ ላይ መጨመሩን እስካሁን ለይቼ ማየት አልቻልኩም፤ የቤንዚን ወረፋውንማ ለማንም መተረክ አያስፈልግም። አብሮት የመጣው ቻርጀር ባለ 2 አምፔር በመሆኑ ባዶውን ለመሙላት ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ሌሊት ተኝቼ አልሰካውም፤ በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከእንዲህ ያሉ ባትሪዎች በተነሣ እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል። የወደቀ፣ ያበጠ ወይም በየመንደሩ ተፈትቶ የተሰፋ ባትሪ በምንም ዋጋ አልገዛም።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይልቅ ያሳስበኛል። ሞተር ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ጋዙን የለቀቀ ሰው ሞተሩ ራሱ ይይዝለታል። ይህኛው ሲወርድ የሚይዘው ነገር የለውም፤ ሞተሩ ተላቆ ዝም ይላል፣ 28 ኪሎውም የእኔም ክብደት በሁለት ትናንሽ የፍሬን ሸራዎች ላይ ያርፋል። የመጀመሪያዎቹ ሸራዎች በሁለት ወር ተኩል አለቁ። የሽቦው ፍሬን በየሳምንቱ መጥበቅ ይፈልጋል፤ በዘይት የሚሠራ ፍሬን ያለው ካገኛችሁ የዋጋውን ልዩነት ሳትከራከሩ ክፈሉ።

ሌላው ጉድለቱ የፔዳሉ ጠቋሚ ነው። ይህ መሣሪያ የሚለካው ፔዳሉ መዞር አለመዞሩን እንጂ የእግርን ጉልበት አይደለም፤ በመሆኑም ከቆሙበት ሲነሡ ግማሽ ዙር ያህል ዝም ብሎ ይቆይና ድንገት ይገፋል። መብራት ላይ ከእግረኞች ኋላ ቆሞ ለሚነሣ ሰው ይህ ደስ አይልም፤ እኔ ለመነሻ ብቻ ጋዙን በጥቂቱ እጠቀማለሁ፤ በዚህ በኩል የሞተረኛ አንጓ ይጠቅማል። ድምፅ አለመኖሩም ልማድ ይጠይቃል። ሞተሬን ማርሚታው ያስተዋውቀው ነበር፤ አሁን ግን በብስክሌት መስመሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው የሚሄዱ ሰዎች የሚሰሙኝ አጠገባቸው ስደርስ ነው። የተገጠመለት ክላክስ የመኪና ዓይነት ስለሆነ ሰውን ያስበረግጋል፤ አንሥቼ ተራ የብስክሌት ደወል አስገጠምኩ።

በሌላው ዓለም ይህ ዕቃ ሁለት መታወቂያ አለው። በአውሮፓ ኅብረት ብስክሌት የሚባለው እስከ 250 ዋት ሆኖ በሰዓት እስከ 25 ኪሎ ሜትር ፔዳል ሲረገጥ ብቻ የሚያግዝ ሲሆን፣ ከዚያ አልፎ እስከ 45 የሚያግዘው ታርጋና ኢንሹራንስ ይጠየቅበታል፤ በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ግን እስከ 750 ዋት ድረስ፣ በጋዝም ቢሆን በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ካላለፈ፣ ብስክሌት ነው። የእኔው እንግዲህ ዴንቨር ላይ ብስክሌት፣ በርሊን ላይ ሞተር መሆኑ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው የጋላቢው ጠባይ ይመስለኛል፤ በብስክሌት መስመር ላይ በሰዓት 35 እየበረሩ እናቶችን የሚያስደነግጡትን ሞተረኛ ወንድሞቼን ብስክሌተኛ ልላቸው አልችልም። የራስ ቁርን በተመለከተ የሞተሬን ሙሉ ሄልሜት ሞክሬ ዳገቱ ላይ በላብ ታፈንኩ፤ አሁን የምጠቀመው ማጅራትንና ጆሮ ግንድን ወርዶ የሚሸፍን የብስክሌት ሄልሜት ነው።

ጥገናው አጭር ወሬ ነው። ካንዴላ የለ፣ የሞተር ዘይት የለ፣ ካርቡራተር የለ። ፊት ጎማው ሲተነፍስ ማንኛውም ጎሚስታ ይሠራዋል፤ የኋላው ሲተነፍስ ግን የሞዞውን ሽቦ ነቅሎ፣ ትልልቆቹን ዳዶዎች ፈትቶ መልሶ በትክክል የሚገጥም ሰው ለማግኘት ሁለት ሰፈር ዞሬአለሁ። በነሐሴ ዝናብ መቆጣጠሪያው ውስጥ ውኃ ገብቶ ሁለት ቀን አልነሣም አለ፤ ሻጩ «ዝናብ አይወድም» ብሎ አሰናበተኝ፣ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ግን ማያያዣዎቹን አድርቆ በሲሊኮን ደፈነልኝ፣ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰበትም።

ሚስቱን ከኋላ ጭኖ ወይም ዕቃ አስሮ ለሚሠራ ሰው ይህን ብስክሌት አልመክርም፤ ሞተሩን ይዞ ይቆይ። ብቻውን ለሚመላለስ፣ እግሩን ለማሠራት ለማይሰንፍ ሞተረኛ ግን፣ የፍሬን ሸራ መለወጫውን ከወዲሁ አስቦ፣ ቢገዛው አይቆጭም። እኔ ሞተሬን አልሸጥኩትም፤ ለሩቅ መንገድና ለዶፍ ቀን ግቢ ውስጥ ተሸፍኖ ቆሟል። ሁለቱን እያፈራረቅሁ ስለምነዳም መካኒኩ የብስክሌቱን የፍሬን ሽቦዎች አቀያይሮ የፊቱን እንደ ሞተሩ ወደ ቀኝ እጅ አዞረልኝ፣ ግራ እጄም ተገላገለ። ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ ዕድሜውን ሁሉ ተራ ብስክሌት የነዳው የእህቴ ልጅ እስከ ሱቅ ድረስ ብሎ ወስዶት መዳፉ ተልጦ ተመለሰ። አሁን መሪው ላይ «የቀኙ የፊት ነው» የሚል ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል።