ከመስከረም እስከ ሚያዝያ በጅማ፦ የአንድ 8×42 ባይኖኩላር የአጠቃቀም ግምገማ

ይህ ግምገማ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ወፎችን ለመመልከት ከመስከረም እስከ ሚያዝያ የተጠቀምኩበትን ባለ 8×42 ባይኖኩላር የሚመለከት ነው። ዕቃው ውጭ አገር የሚኖር ዘመዴ ለእረፍት ሲመጣ ይዞልኝ የመጣ፣ ዋጋው መካከለኛ፣ ክብደቱ ወደ 680 ግራም የሚጠጋ፣ ሁለቱ ቱቦዎቹ ቀጥ ያሉ ዓይነት ነው። በዚህ የዋጋ ደረጃ ያሉ ባይኖኩላሮች ብዙ ጊዜ ከጥቂት ፋብሪካዎች ወጥተው የተለያየ ስም እየተለጠፈባቸው የሚሸጡ በመሆናቸው፣ ለገዢ ከስሙ ይልቅ ቁጥሩና አሠራሩ ስለሚጠቅመው የሠሪውን ስም አላነሣም። ፍርዴን ላስቀድም፦ ለጅማ የአየር ጠባይ የሚያስፈልገው አብዝቶ የሚያቀርብ ሳይሆን ብርሃን የሚያስገባና እርጥበት የማያስገባ ባይኖኩላር ነው። ይህ ዕቃ ሁለቱንም አሟልቷል፤ ጉድለቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

በዕቃው ላይ ከተጻፉት ሁለት ቁጥሮች 8 የሚለው ነገሩ ስንት እጥፍ ቀርቦ እንደሚታይ ሲገልጽ፣ 42 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 42 ለ8 ሲካፈል የሚገኘው 5.25 ሚሊ ሜትር ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። በደማቅ ፀሐይ የዓይናችን ብሌን ጠብቦ ስለሚቆይ የዚህ ቁጥር ጥቅም እምብዛም አይታወቅም። ጭጋግ ባልተነሣበት ማለዳ ወይም በቡና ጥላ ዛፎች ሥር ብሌኑ ሲሰፋ ግን፣ በኪስ የሚያዘው 10×25 የሚሰጠው 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ወፉ ቀለም የሌለው ጥላ ሆኖ ይቀራል። በየሱቁ የሚታዩትን፣ የፊት ሌንሳቸው ቀይ ሆኖ የሚያብረቀርቀውንና በላያቸው ትልልቅ ቁጥር የተጻፈባቸውን በተመለከተ፣ በሌንሱ ላይ የተቀባው ቅብ ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ ስለሚመልሰው በውስጡ የሚታየው ዓለም ወደ አረንጓዴ ያደላል። ወፍን በቀለሙ ለመለየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ከባድ ጉድለት ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው በቦዬ ረግረግ ነው። ቦዬን ሰው የሚያውቀው በጉማሬዎቹ ነው፤ ለወፍ ተመልካች ግን ዋናው ሀብት በበጋው ወራት የሚሰበሰበው የውሃ ወፍ ነው። የእኛ በጋ የአውሮፓና የሰሜን እስያ ክረምት ስለሆነ፣ ውሃና ጭቃው በበረዶ ሲሸፈን በዚያ የሚመገቡ ወፎች ወደ ደቡብ ይሰደዳሉ፤ ከመስከረም ጀምሮ ወደ አገራችን ገብተው በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ። በየዓመቱ በጥር ወር አካባቢ በብዙ አገሮች የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቆጠራ በዚህ ወቅት የሚደረገውም ወፎቹ በማረፊያቸው ረግተው ስለሚገኙ ነው።

ባይኖኩላሩን በሚገባ የፈተኑት እነዚህ እንግዶች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩትን፣ ለምሳሌ በውሃ ቅጠል ላይ በረጃጅም ጣቶቹ የሚራመደውን ጃካና ወይም የግብጽ ዝይን ለመለየት ማንኛውም ባይኖኩላር ይበቃል። ከሰሜን የሚመጡት ሁለቱ ሳንድፓይፐሮች (በጭቃ ዳር የሚመገቡ ትንንሽ ወፎች)፣ ማለትም “ውድ ሳንድፓይፐር” እና “ግሪን ሳንድፓይፐር” የሚባሉት፣ ግን በመጠንም በጠባይም ተቀራራቢ ናቸው። የመጀመሪያው ጀርባው በነጣ ያሉ ነጠብጣቦች የተሞላ፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ነጣ ያለ መስመር ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ የሚዘልቅ፣ እግሩም ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። ሁለተኛው ጠቆር ያለ ሲሆን መስመሩ ከዓይኑ አያልፍም፤ ሲነሣም የክንፉ ሥር ጥቁር፣ የወገቡ በላይ ደግሞ ፈጽሞ ነጭ ሆኖ ይታያል። የዓይን መስመሩ የት እንደሚያበቃ ለማየት የሌንሱ ጥራት ከማጉላት አቅሙ ይበልጣል። ይህ ዕቃ በእይታው መካከል ያለውን ነገር አጥርቶ ስለሚያሳይ ሁለቱን በጭቃው ዳር ጎን ለጎን ቆመው ሳለ ያለ ጥርጥር መለየት ችያለሁ። የእይታው ጠርዝ ግን ደብዘዝ ይላል፤ ወፉን ወደ መካከል ማምጣት ግድ ነው።

በጅማ ዞን ረግረጎች የሚገኘው፣ በራሱ ላይ የወርቅ ቀለም ያለው ዘውድ የሚይዘው ክሬን የተባለው ወፍ ግን ይህን ያህል አያስቸግርም፤ ከሩቅም ቢሆን የጉንጩ ነጭና ቀይ በግልጽ ይለያል። እንዲህ ያለው ወፍ የሚያስፈልገው ጨፌው እንዲቆይለት ብቻ ነው። በቦዬ ዳርቻ ለሸክላ ጡብ የሚቆፈረውን ጉድጓድና ውሃውን የሚመጠውን ባሕር ዛፍ ያየ ሰው የሚያሳስበኝ ነገር ይገባዋል።

የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ ይህ ዕቃ የሚመሰገነውም በዚሁ ነው። የባይኖኩላሩ አካል አየር እንዳያስገባ በጎማ ቀለበቶች ተዘግቶ በውስጡ ደረቅ ናይትሮጅን ተሞልቶበታል። ናይትሮጅኑ የሚጠቅመው የውሃ ተን ስለሌለበት ነው፤ ከቤት ሙቀት ወደ ማለዳ ቅዝቃዜ ሲወጣ በሌንሶቹ ውስጠኛ ገጽ ላይ ወደ ጠልነት የሚለወጥ ነገር አይኖርም። በጥቅምት መጨረሻ ካፊያ ላይም በሚያዝያ ዶፍ ላይም ውስጡ አልደበዘዘም። የውጭው ገጽ ግን ትንፋሽ ሲነካው እንደማንኛውም መስተዋት ይደበዝዛል። በእርጥብ አገር የሌንስ ትልቁ ጠላት ሻጋታ ነው፤ ያልታሸገ ባይኖኩላር በቆዳ ቦርሳው ውስጥ ተዘግቶ ክረምቱን ሲከርም በሌንሱ ላይ የሸረሪት ድር የሚመስል ነጭ ክር ይበቅልበታል፤ ሥር ሲሰድም የሌንሱን ቅብ ይበላዋል። ስለዚህ የታሸገውንም ቢሆን የማስቀምጠው አብሮት በመጣው ቦርሳ ሳይሆን፣ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጡ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ጋር ነው።

ከረግረጉ ወደ ዛፎች ስንመጣ ጥያቄው ይለወጣል። በከተማው ውስጥ በአዌቱ ወንዝ ዳርና በትልልቅ ግቢዎች ያረጁ ዛፎች ላይ፣ እንዲሁም ራቅ ብሎ በለጠ-ጌራ በሚባለው ደን ውስጥ፣ ወፉ ሩቅ አይደለም፤ ችግሩ አለመቆሙ ነው። ጉንጨ ነጩ ቱራኮ ከመብረር ይልቅ በቅርንጫፍ ላይ እየሮጠ ከቅጠል ወደ ቅጠል ስለሚሰወር፣ እሱን ለመከተል ሰፊ እይታ ያስፈልጋል። ይህ ዕቃ በ1000 ሜትር ርቀት ላይ 130 ሜትር ያህል ስፋት ያሳያል፤ አሥር እጥፍ የሚያቀርቡት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው የሚያሳዩት፤ የእጅ መንቀጥቀጥንም አብረው ያጎላሉ። ቱራኮው ዘሎ ክንፉን ሲዘረጋ የሚታየው ደማቅ ቀይ መዳብ ካለበት እውነተኛ ቀለም የሚገኝ ሲሆን፣ ባይኖኩላሩ ይህን ቀይ ሳያደበዝዝና ወደ ሌላ ቀለም ሳያዞር ማሳየቱን እንደ ትልቅ ብቃት እቆጥረዋለሁ። ሾላና ዋርካ ሲያፈሩ የሚሰበሰቡት ጉንጨ ብርማ ሆርንቢሎች በተቃራኒው ድካሙን አጋልጠውብኛል፤ ጥቁር ወፍ በነጣ ሰማይ ላይ ሲታይ በዳርና ዳሩ ሐምራዊ ጥላ ይከተለዋል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ አካባቢዎች የሚኖረው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለው ወፍራም መንቁር ቁራም ከጅሬን ኮረብታ በላይ ሲያንዣብብ ያንኑ ጥላ ለብሶ ይታያል። ውድ በሆኑት ባይኖኩላሮች ይህ ይቀንሳል፤ ወፉን ከመለየት ግን አላገደኝም።

ወደ አማረርኩባቸው ነገሮች ልለፍ። የቀኝና የግራ ዓይንን ልዩነት የሚያስተካክለው ቀለበት በቀኝ ዓይን በኩል ያለ ሲሆን መቆለፊያ የለውም፤ ከቦርሳ ሲወጣም ሆነ ሌላ ሰው ሲይዘው በቀላሉ ይዞራል። የራሴን ልክ በጥፍር ቀለም ነጥብ ምልክት አድርጌበት ነው የተገላገልኩት። መነጽር የማያደርጉ ሰዎች ወደ ላይ የሚስቡት የዓይን ጎማም ከጥቂት ወራት በኋላ በቦታው መቆም ትቶ ፊት ሲነካው ይሰምጣል። እኔ መነጽር ስለማደርግ ጎማውን አውርጄ ነው የምጠቀመው፤ ሌንሱም ከዓይን 17 ሚሊ ሜትር ርቆ ሙሉውን እይታ ስለሚሰጥ አልተቸገርኩም፤ ሌላው ሰው ግን ይቸገራል። ፎከስ የሚያደርገው መዘውር በታኅሣሥ ማለዳ ቅዝቃዜ ቅባቱ ስለሚጠጥር ከበድ ይላል፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይላላል። አብሮት የመጣውን ቀጭን የናይሎን ማንጠልጠያ አንገት ስለሚቆርጥ ወዲያው አስወግጄ በትከሻ ላይ በሚጋባ ሰፊ ማንገቻ ተክቼዋለሁ።

ሌላው ጉድለት የታወቀኝ በቦዬ ዳር ከብት የሚጠብቁ ልጆች “ጋሼ፣ እኛም እንይ” ሲሉኝ ነው። ሁለቱ ቱቦዎች ቢጠብቡ በመካከላቸው የሚቀረው ርቀት ከ56 ሚሊ ሜትር አያንስም፤ የትንንሽ ልጆች ዓይኖች ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ስለሚቀራረቡ ሁለት የተለያዩ ክቦች እንጂ አንድ ምስል አያዩም፤ በአንድ ዓይን ብቻ እንዲያዩ ማድረግ ነው የሚቻለው። ለቤተሰብ ለመግዛት ያሰበ ሰው ይህን ቁጥር ሳይጠይቅ አይግዛ።

በውሃ አካል ስፋት አቅሙ ያለቀበት ቦታ የግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። በሐይቁ መካከል የተኛ የዳክዬ መንጋ በስምንት እጥፍ ሲታይ የተበተነ ነጥብ ነው፤ እንዲያ ላለው ቦታ በሦስት እግር ላይ የሚቆም ቴሌስኮፕ እንጂ የትኛውም የእጅ ባይኖኩላር አይበቃም። በዚያ ላይ በግድብ፣ በኤርፖርትና በካምፕ አጠገብ ባይኖኩላር ማውጣት ጥያቄ ያስነሣል፤ አስቀድሞ የሚመለከተውን አካል ማስፈቀድ ይገባል። በገጠር ደግሞ ጥርጣሬው ሌላ ነው፤ ባይኖኩላር አንግቦ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው መሬት ለመለካት የመጣ ይመስላል፤ መጀመሪያ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ከዚያም ለባለ ማሳው አንድ ወፍ ማሳየት ከማንኛውም ደብዳቤ ይልቅ ይሠራል።

ሊገዛ ያሰበ ሰው ዕቃውን በእጁ ማግኘት ከቻለ፣ በክንድ ርዝመት አርቆ ወደ ብርሃን ይያዘውና በዓይን በኩል ባለው ሌንስ ውስጥ የሚታየውን ብሩህ ክብ ይመልከት። ክቡ ሙሉ ካልሆነና ዳሩ በጥላ የተቆረጠ ከመሰለ በቱቦው ውስጥ ምስሉን የሚያቀናው የፕሪዝሙ መስተዋት ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ነው። ቀጥሎ ሩቅ ያለ የስልክ እንጨት በሁለቱም ዓይኖች ይመልከት፤ እንጨቱ ሁለት ሆኖ ከታየው ወይም ዓይኑን ከሳበው ቱቦዎቹ አልተጣጣሙምና ይተወው፤ ይህን የሚያስተካክል ባለሙያ ጅማ ውስጥ አላገኘሁም፤ ከውጭ የመጣ ዕቃ ዋስትናም እዚህ አይሠራም።