«ይቅር» የሚለውን በተን ከመንካታችሁ በፊት

ገንዘቤ ከተቆረጠ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። «የ7 ቀን ነፃ ሙከራ» የሚሉትን አፖች ታውቋቸዋላችሁ። መጀመሪያ ካርድ ይቀበሏችኋል፣ ከዚያ «በፈለጉት ሰዓት መሰረዝ ይችላሉ» ይላሉ። እኔም ሰነድ ስካን የሚያደርግ አንድ አፕ አወረድኩና በ6ኛው ቀን ማታ ልሰርዝ ገባሁ።

መሰረዣውን እስካገኝ ስንት ገጽ እንደዞርኩ ልተወው። የደረስኩበትን ሳጥን ግን ልንገራችሁ። ከላይ «ምዝገባዎን መሰረዝ ይፈልጋሉ?» ይላል። ከሥሩ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ የስክሪኑን ወርድ የሞላ ደማቅ አረንጓዴ በተን ነው፤ «ይቅር» ይላል። ሌላው በተንም አይመስል፤ ዙሪያው መስመር የለው፣ ጀርባው ቀለም የለው፣ ነጩ ላይ ሊጠፋ የደረሰ ግራጫ ጽሑፍ፦ «ሰርዝ»። እኔ ሞኙ ምን አልኩ? ይቅር፣ ይቅርብኝ፣ አልፈልግም ብዬ አረንጓዴውን ነካሁት። ለካስ የቀረው ምዝገባው ሳይሆን መሰረዙ ነው! ወዲያው ክብ ውስጥ ያለች የራይት ምልክት ብልጭ አለችና «ተሳክቷል» አለኝ። ምኑ እንደተሳካ የነገረኝ የለም። ስልኬን አስቀምጬ በሰላም ተኛሁ።

ዛሬ የዓመቱ ክፍያ በአንዴ ሄደ።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ስክሪን ዲዛይን ማድረግ እንጀራዬ ነው። ቀን ሙሉ ሰው ስጨቀጭቅ የምውለው «በተኑ የሚሠራውን ራሱ ይናገር፤ ‹ምዝገባውን ሰርዝ›፣ ‹ምዝገባውን አቆይ› ብላችሁ ጻፉ» እያልኩ ነው። ሃሪ ብሪግነል የተባለ ዲዛይነር እንዲህ ያለውን ተንኮል እ.ኤ.አ. በ2010 «ዳርክ ፓተርን» ብሎ ስም እንዳወጣለት ለጀማሪ የማስረዳውም እኔው ነኝ። አስረጂው ሰተት ብሎ ገባላቸው።

ተናድጄ ሳጥኑን መልሼ ከፈትኩና ቀለሙን ለካሁት። ግራጫው ከነጩ ጋር ያለው ንፅፅር፣ ማለትም ጽሑፉ ከጀርባው ጎልቶ የሚለይበት መጠን፣ 1.6 ለ 1 ነው። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይጠይቃል። መጀመሪያ ካርድ ያስገባሁበት ገጽ ላይ ያለው «ከ7 ቀን በኋላ የዓመት ክፍያ ይቆረጣል» የሚለውም በዚሁ ግራጫ ነው የተጻፈው፤ ፊደሉ ከማነሱ የተነሳ «ቀ» ይሁን «ቆ» ስልኩን አፍንጫዬ ድረስ አስጠግቼም አልለየሁትም። ዋጋው የሚያምር ሆኖ የታየበት ቦታ ግን ፊደሉ አውራ ጣቴን ያክላል። ቀለም አልቆባቸው እንዳልሆነ ከዚህ እወቁ።

ለደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩላቸው። «ውድ ደንበኛችን፣ ‹ይቅር› የሚለውን የመረጡት እርስዎ ነዎት፤ ምርጫው በግልጽ ተጽፏል» አሉኝ፤ መጨረሻው ላይ ፈገግ ያለች ፊት አለች። ስክሪንሾቱን በቀይ አክብቤ ላኩላቸው። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «የስልክዎን ብርሃን ጨመር አድርገው ይሞክሩ።» ገንዘቤን ከወሰዱት ይልቅ ይቺ አረፍተ ነገር ናት እንቅልፍ የምትነሳኝ።

ለማንኛውም፣ «ተሳክቷል» ስትባሉ አትመኑ፤ ተመልሳችሁ ግቡና ቀኑ አጠገብ «ይታደሳል» ነው «ያበቃል» የሚለው፣ እዩ። አፑን ከስልክ ማጥፋትም ምዝገባውን አያጠፋም።

እኔ አሁን ለመጪው ዓመት እንዳይደግሙኝ ግራጫውን «ሰርዝ» ነካሁት። የራይት ምልክት የለ፣ «ተሳክቷል» የለ፤ ሳጥኑ ዝም ብሎ ተዘጋ። ሦስት ጊዜ ገብቼ አየሁት።